ዲዲቲ በከምባታና በሀዲያ፦ ከቤት ግድግዳ እስከ ውቅያኖስ

በሺንሺቾ ዙሪያ የሚዘንበው ዝናብ ባሕር አይደርስም። የከምባታ ደጋ የሁለት ተፋሰሶች ድንበር ነው። ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ጅረት ብላቴን ተቀላቅሎ አባያ ሐይቅ ይገባል፤ ወደ ምዕራብ ያዘነበለው ደግሞ ከኦሞ ጋር ሆኖ እስከ ቱርካና ይዘልቃል። ሁለቱም ሐይቆች ወደ ውቅያኖስ የሚወስድ መውጫ የላቸውም። ወንዞቹ የተሸከሙት አፈርም ሆነ ጨው እዚያው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይቀራል።

ዲዲቲ ግን ወንዝ አያስፈልገውም። ይህ ነጭ ዱቄት የወባን ትንኝ ለመግደል ከ1950ዎቹ መባቻ እስከ 2001 ዓ.ም. ገደማ ድረስ በኢትዮጵያ ቆላና ወይና ደጋ ቤቶች ግድግዳ ላይ ሲረጭ ኖሯል። ሙቀት ሲያገኘው ቀስ እያለ ይተናል፣ ነፋስ ይዞት ይሄዳል፣ ብርድና ዝናብ መልሰው ያወርዱታል፣ ደግሞ ይተናል። ተመራማሪዎች ከየብስ እጅግ ርቀው ከውቅያኖስ ገጽ ውኃ እየቀዱ ሲመረምሩ ካገኟቸው ኬሚካሎች አንዱ ይኸው ነው። በሕንድ፣ በብራዚል፣ በአሜሪካ የጥጥ እርሻና በኢትዮጵያ ገጠር ቤት የተረጨው ሁሉ አንድ አየር ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ የውቅያኖሱን ብክለት ታሪክ ለመጻፍ የሚነሳ ሰው መርከብ ላይ ብቻ ቢፈልገው ግማሹን ያጣዋል። የቀረው ግማሽ በጭቃ የተለሰነ ቤት ውስጥ ነው።

ሺንሺቾ የቃጫ ቢራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ዛሬ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በከምባታ ዞን ሥር ትተዳደራለች፤ የወባ ማጥፊያ ሠራተኞች ቤት ለቤት መዞር በጀመሩበት ዘመን ግን ከምባታና ሀዲያ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ሆሳዕናን ዋና ከተማው ባደረገ አውራጃ ነበሩ። ከፍታው ከ3,000 ሜትር ከሚበልጠው ከአምባሪቾ ተራራ ተነስቶ ወደ ብላቴ ሸለቆ ለሚወርድ መንገደኛ አየሩ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ እያለ ይቀያየርበታል። ሰው ግን በዚህ መሬት ላይ እኩል አልሰፈረም። ደጋውና ወይና ደጋው በእንሰት ተከቦ፣ ጓሮ ከጓሮ ተያይዞ፣ በሀገሪቱ እጅግ ጥቅጥቅ ብለው ከሰፈሩ አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ ለእርሻ የሚመቸው የሸለቆ መሬት ለረጅም ዘመን የሰው ብዛቱ የሳሳ ነበር። ለዚህ ትልቁ ምክንያት ወባ ነው።

የደጋ ሰው ቆላ የሚወርደው ለግጦሽ፣ ለእርሻ ወይም ለቀን ሥራ ነበር። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት ሲጀምር፣ ቀጥሎም የአዋሽ ሸለቆ የጥጥ እርሻዎች ሲስፋፉ፣ የከምባታ፣ የሀዲያና የወላይታ ወጣቶች ለሸንኮራ ቆረጣና ለጥጥ ለቀማ ወደዚያ መጉረፍ ጀመሩ። ለግብርና ለጥሎሽ የሚሆን ብር ይዘው ይመለሳሉ። ብዙዎቹ ከብሩ ጋር ወባም ይዘው ይመለሱ ነበር። በጥጥ እርሻው ደግሞ ሌላ ነገር ያገኛቸው ነበር፤ ዲዲቲና ኢንዶሰልፋን የመሳሰሉ መርዞች በአውሮፕላንም በጀርባ መርጫም በብዛት የሚረጩት እዚያ ነበር።

የ1950 ዓ.ም. ክረምት ግን ወባን ደጋ ድረስ አወጣው። ያ ዓመት ዝናቡ ከልማዱ የበዛበት፣ ሙቀቱም ከፍ ያለበት ነበር። ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ወረርሽኙ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለውን ሰፊ የሀገሪቱን ክፍል መታው። በዚህ ከፍታ የሚኖር ሰው በሽታውን አዘውትሮ ስለማያገኘው ሰውነቱ አልለመደውም ነበር። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ 150,000 ያህሉም እንደሞተ ይገመታል። የከምባታና የሀዲያ ወይና ደጋ የሚገኝበት ከፍታ ይኸው ነው። ስለ ዲዲቲ የሚናገር ማንም ሰው እነዚህን ቁጥሮች አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል፤ ያለ እነሱ ከዚያ በኋላ ስለተደረገው በማንም ላይ መፍረድም ማንንም ማመስገንም አይቻልም።

በ1951 ዓ.ም. የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ከዚያ በፊት በደምቢያ፣ በቆቦ፣ በአዋሽ ሸለቆና በጋምቤላ ሙከራዎች ተደርገው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1955 ወባን ከምድር ላይ የማጥፋት ዘመቻ አውጆ ስለነበር፣ የኢትዮጵያው ድርጅት ከእሱም ከአሜሪካ መንግሥትም እርዳታ አገኘ። ዕቅዱ ወታደራዊ መልክ ነበረው፤ የዝግጅት፣ የጥቃት፣ የማጠናከርና የመጠበቅ ተብለው የተሰየሙ አራት ምዕራፎች ነበሩት። የጥቃቱ መሣሪያ ዲዲቲ ነው። ከ2,000 ሜትር በታች ያለ መሬት ወባማ ተብሎ ተመደበ፤ ሠራተኞች ናዝሬት ላይ በተቋቋመው ማሠልጠኛ እየሠለጠኑ ወጡ።

ድርጅቱ እንደ ሌላው መሥሪያ ቤት ሕዝብ ወደ እሱ እስኪመጣ አልጠበቀም። ሠራተኞቹ መጀመሪያ የሚያደርጉት መንደሩን ዞሮ ቤት መቁጠር፣ በየበሩ ቁጥር መጻፍና የመንገዱን፣ የወንዙን፣ የቤቶቹን ንድፍ መሣል ነበር። በካርታ ላይ ስሟ ያልነበረ ቀበሌ በወባ ሰዎች ወረቀት ላይ ቤት በቤት ተመዘገበች። ለብዙ ገጠሬ ቤቱን የቆጠረለት፣ ደሙን በመስተዋት ላይ ጠብ አድርጎ የመረመረለት፣ የክሎሮኪን ክኒን ያቀመሰው የመጀመሪያው የመንግሥት ሰው ከወባ ማጥፊያ የመጣ ነበር።

የርጭት ቀን ቤተሰቡ ማልዶ ይነሳል። ከብቱ ከጋጣው ይወጣል፤ በከምባታና በሀዲያ ባህላዊ ቤት ከብትና ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚያድሩ ይህ ራሱ ሥራ ነው። ማሰሮው፣ ምጣዱ፣ ምንጣፉ፣ የእህል ከረጢቱ፣ ተጠቅልሎ የተቀመጠው ቆጮ ሁሉ ግቢ ውስጥ ይደረደራል። ረጪው ዱቄቱን በባልዲ ውኃ ይበጠብጣል፣ ያጣራል፣ ሲሊንደር በመሰለው ብረት መርጫ ይሞላና በእጁ ፓምፕ አየር ይነፋበታል። መርጫውን በትከሻው አንግቶ ሲገባ አንድ የተወሰነ አካሄድ አለው። የመርጫውን አፍ ከግድግዳው በ45 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይይዛል፤ 75 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን መስመር ከላይ ወደ ታች ያርሰዋል፣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ቀጣዩን ከታች ወደ ላይ ይረጫል። በአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ ላይ ሁለት ግራም ዲዲቲ እንዲያርፍ ነው ስሌቱ። ዱቄቱ 75 በመቶው ዲዲቲ ነበር። ውኃው ሲደርቅ ግድግዳው ላይ ነጣ ያለ ሽፋን ይቀራል።

ትንኟ ደም ጠጥታ ከብዳ ግድግዳ ላይ ስታርፍ በእግሯ ትነካዋለች፤ በዚያው ትሞታለች። ይህ ሽፋን ስድስት ወርና ከዚያም በላይ አቅሙን ይዞ ይቆያል። ለዚያ ዘመን የጤና ሰዎች ትልቁ በረከት ይህ መቆየቱ ነበር፤ መንገድ በሌለበት ሀገር በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ዞሮ ሕይወት ማዳን ያስቻለው እሱ ነውና። ቆይቶ ለዓለም ሁሉ ጭንቅ የሆነውም ይኸው መቆየቱ ነው።

ሕዝቡ ዲዲቲን የወደደው በወባ ምክንያት ብቻ አልነበረም። ግድግዳው በተረጨ ማግሥት ትኋንና ቁንጫ ወለሉ ላይ ይረግፋል። ዓመቱን ሙሉ ያሳከከው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሊቱን ተኝቶ ያድራል። ዱቄቱ ለቅማልም ይነሰነስ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ትኋኑ መድኃኒቱን ለመደው፤ እንዲያውም ከርጭት በኋላ ባሰበት የሚሉ ቤቶች በዙ። የርጭት ቡድን ሲመጣ በር የሚዘጋው፣ እህል ተበላሽብኝ የሚለው፣ ከብት አላወጣም የሚለው በዚያው ጀመረ። ወባ ያልያዘው ሰው በትኋን መመለስ መናደዱ አይፈረድበትም።

ሌላው እንቅፋት በዓል ነበር። የወባ ትንኝ የምትበዛው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ስለሆነ ርጭቱ የሚካሄደው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። በዚህ አካባቢ ደግሞ የዓመቱ ታላቅ በዓል መስቀል ነው፤ በከምባታ መሳላ፣ በሀዲያ ያሆዴ የሚባለው። ለመስቀል ቤት ይጸዳል፣ ግድግዳ በጭቃና በእበት ይለሰናል። አዲሱ ልስን ዲዲቲውን ከሥሩ ቀበረው ማለት ነው፣ ያውም ትንኟ በምትጠነክርበት ወር። በኢትዮጵያ የወባ ቁጥጥር ላይ የተጻፉ የሙያ ጽሑፎች ከርጭት በኋላ የሚደረግ ልስንን እንደ ዋና ችግር ደጋግመው ያነሱታል። ከግድግዳ የተፋቀው አሮጌ ጭቃ የት ይጣላል ቢባል ደግሞ መልሱ ቀላል ነው፤ ጓሮ፣ እንሰት ሥር።

ዲዲቲ መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1874 ኦትማር ዛይድለር በሚባል የኬሚስትሪ ተማሪ ነው፤ ምን እንደሚጠቅም ግን ያኔ አልታወቀም። ነፍሳትን እንደሚገድል የደረሰበት የስዊዘርላንዱ ጋይጊ ኩባንያ ኬሚስት ፖል ሙለር ሲሆን ዓመቱም እ.ኤ.አ. 1939 ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኔፕልስ ከተማ በታይፈስ ስትታመስ የሕዝቡን ቅማል በዲዲቲ ዱቄት አጥፍተው ወረርሽኙን አቆሙት። ሙለር እ.ኤ.አ. በ1948 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ የተመረተው ዲዲቲ 1.8 ሚሊዮን ቶን ያህል እንደሚሆን ይገመታል፤ አብዛኛው የዋለው ለወባ ሳይሆን ለእርሻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካዊቷ የባሕር ሳይንስ ባለሙያ ሬቸል ካርሰን ዲዲቲ በወፎችና በዓሦች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በመጽሐፍ አወጣችው። ዲዲቲ በሰውነት ውስጥ ዲዲኢ ወደሚባል ነገር ይለወጣል፤ ዲዲኢ የአዳኝ ወፎችን የዕንቁላል ቅርፊት ስለሚያሳሳው እናቲቱ ስትታቀፈው ይሰበራል። ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1966፣ አንድም እርሻ፣ አንድም የወባ ትንኝ በሌለበት በአንታርክቲካ የሚኖሩ ፔንግዊኖች ስብ ውስጥ ዲዲቲ መገኘቱ ተዘገበ። ማንም እዚያ አልረጨም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1972 ለእርሻ እንዳይውል አገደችው።

እስከ አንታርክቲካ የሚያደርሰውን መንገድ የከፈተለት የራሱ ጠባይ ነው። ዲዲቲ ውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ ቅባት ውስጥ ግን በቀላሉ ይገባል። ፀሐይም ባክቴሪያም ቶሎ አያፈርሱትም፤ በአፈር ውስጥ ግማሹ እስኪጠፋ እንደ አየሩ ጠባይ ከጥቂት ዓመታት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ይወስዳል። በሞቃት ሀገር ይተናል፣ በቀዝቃዛ ሀገር ያርፋል። በየእርከኑ እየዘለለ ከምድር ወገብ ወደ ዋልታዎች ይጓዛል። ከምድር ገጽ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሸፍነው ውቅያኖስ ስለሆነ ከዝናብና ከነፋስ ጋር የሚወርደው ብዙው ድርሻ እዚያ ያርፋል።

የኤሂሜ ዩኒቨርሲቲው ጃፓናዊ ሂሳቶ ኢዋታና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1989 እና በ1990 በልዩ ልዩ ውቅያኖሶች ላይ እየተጓዙ የባሕሩን አየርና የገጹን ውኃ ሰበሰቡ። ዲዲቲና ዘመዶቹ ከየብስ በራቀው ባሕርም ተገኙ፤ ከፍተኛው መጠን የነበረው ደግሞ ኬሚካሉ ገና በሥራ ላይ በነበረበት በሞቃታማው እስያ ዙሪያ ባሉ ባሕሮች ነው። በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ ያለው መጠን በፒኮግራም የሚለካ፣ ማለትም ከአንድ ግራም ትሪሊዮን ጊዜ ያነሰ ነው። ይህን ሰምቶ መናቅ ስህተት ነው። በውኃው ገጽ ላይ የሚንሳፈፉት ደቃቅ እፅዋት ኬሚካሉን ወደ ሰውነታቸው ይስቡታል፣ እነሱን ደቃቅ እንስሳት ይበሏቸዋል፣ እነዚያን ትንንሽ ዓሦች፣ ትንንሾቹን ትልልቆች። በእያንዳንዱ ጉርሻ መጠኑ ይበዛል፤ ዓሣ ነባሪና የባሕር ወፍ ዘንድ ሲደርስ ከውኃው ጋር ሲነጻጸር ብዙ ሺህ፣ አልፎም ሚሊዮን እጥፍ ይሆናል። የሞቱት ደቃቅ ፍጥረታት ወደ ጥልቁ ሲሰምጡ ከፊሉን ይዘውት ይወርዳሉ። ከፊሉ ደግሞ አየሩ ሲጠራ ከባሕሩ ገጽ ተንኖ እንደገና ወደ አየር ይመለሳል። ርጭቱ ከቆመ ከዓመታት በኋላም ውቅያኖሱ ራሱ የዲዲቲ ምንጭ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ሀገር ቤት ስንመለስ፣ ከጊዜ በኋላ ዲዲቲ በኢትዮጵያ በሕጋዊ መንገድ የሚፈቀደው ለወባ ብቻ ሆነ። ዱቄቱ ግን ከጤና መጋዘን ወደ እርሻ እየሾለከ ይወጣ ነበር። ገበሬው ለጎተራ ነቀዝ ተጠቀመበት፤ ለሽንኩርትና ለጫትም ረጨው። በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ገበያዎች በተሰበሰበ ጫት ላይ የተደረጉ የቤተ ሙከራ ምርመራዎች የዲዲቲ ቅሪት አሳይተዋል። ጫት ሳይበሰል ሳይላጥ የሚቃም ቅጠል መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። በልዩ ድንጋጌ ቁጥር 20/1982 ጸረ-ተባይ ሳይመዘገብ እንዳይሸጥ ተከልክሎ ነበር፤ ይሁን እንጂ በከረጢት ተጠቅልሎ በእጅ የሚዞር ዱቄት ላይ ሕግ የሚደርሰው ከብዙ ድካም በኋላ ነው።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ ከዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ያለው የአዳሚ ቱሉ ጸረ-ተባይ ማዘጋጃ ፋብሪካ ደግሞ ከውጭ የሚመጣውን ጥሬ ኬሚካል እየቀመመ ለወባ ርጭት የሚሆነውን ዲዲቲ እዚሁ ያዘጋጅ ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ከሕንድ ቀጥሎ ብዙ ዲዲቲ ለወባ ከሚጠቀሙ ሀገሮች መካከል ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ብቻ የረጨችው ወደ 370 ቶን ይጠጋል።

ከዲዲቲ ሌላ የተረሳ ክምችትም ነበር። ኢትዮጵያ ለአንበጣ፣ ለተምችና ለጥጥ ተባይ ተብሎ ለዐሥርት ዓመታት በእርዳታና በግዥ የገባ መርዝ ነበራት። አንበጣው ሳይመጣ ሲቀር ወይም መድኃኒቱ ጊዜው ሲያልፍ በርሜሉ እዚያው መጋዘን ይቀራል። በርሜል ይዝጋል፣ ያፈስሳል፣ መጋዘኑ ጣሪያው ይከፈታል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሲቆጠር በመላ ሀገሪቱ በመቶዎች በሚቆጠሩ ቦታዎች የተከማቸ መርዝ ተገኘ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ባስተባበረው ሥራ 1,500 ቶን ያህሉ ተለቅሞ፣ እንደገና ታሽጎ፣ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተጫነና በልዩ ምድጃ ተቃጠለ። ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለ መርዝ በደኅና የሚያቃጥል ምድጃ ስላልነበረ የአንድ ጊዜ ስንፍና የሚጠፋው በሺህ ኪሎ ሜትሮች ጉዞና በብዙ ገንዘብ ነው። ይህ ሥራ በሀገራችን ከተሠሩ የአካባቢ ጥበቃ ሥራዎች ትልቁ ሊባል የሚችል ሆኖ ሳለ ሲወሳ አይሰማም።

ግንቦት 14 ቀን 1993 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ስቶክሆልም ላይ አንድ ስምምነት አጸደቁ። ለረጅም ጊዜ የማይበሰብሱ አሥራ ሁለት ኬሚካሎች ከምርትና ከአገልግሎት እንዲወጡ ነበር ውሉ። አልድሪን፣ ዲልድሪን፣ ኤንድሪን፣ ክሎርዴን፣ ሄፕታክሎር፣ ማይሬክስ፣ ቶክሳፊን፣ ሄክሳክሎሮቤንዚን፣ በኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ የሚገኘው ፒሲቢ፣ ከማቃጠል የሚወጡት ዳይኦክሲንና ፉራን፣ እና ዲዲቲ። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በአዋጅ ቁጥር 279 በ1994 ዓ.ም. ተቀበለች።

ዲዲቲ ግን ከሌሎቹ የተለየ ቦታ ተሰጠው። ወባ ያለባቸው ሀገሮች ሌላ አማራጭ እስኪያገኙ፣ አስመዝግበውና ሪፖርት እያቀረቡ፣ ለበሽታ አስተላላፊ ነፍሳት ብቻ እንዲጠቀሙበት ተፈቀደ። ኢትዮጵያም ከተመዘገቡት አንዷ ሆነች። ይህን ማድረጓ ትክክል ነበር። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ዲዲቲን ትታ በሌላ መድኃኒት ስትተካ ያንን የለመደ ትንኝ ተመልሶ ገባና እ.ኤ.አ. በ2000 ከ60,000 በላይ ሰው ታመመባት፤ በዚያው ዓመት ወደ ዲዲቲ ለመመለስ ተገደደች። ልጁ በትኩሳት የሚንቀጠቀጥበት አባት ስለ ፔንግዊን እንዲያስብ መጠየቅ አግባብ አይደለም። አግባብ የሚሆነው የሀብታም ሀገሮች መንግሥታትና ኩባንያዎች ለዚያ አባት የተሻለ መድኃኒት እንዲያቀርቡ መጠየቅ ነው።

ይሁንና ዱቄቱ ውቅያኖስ ብቻ አልሄደም፤ ቤትም ቀርቷል። የኢትዮጵያና የጃፓን፣ እንዲሁም የኖርዌይ ተመራማሪዎች በዝዋይና በሀዋሳ ሐይቆች ዓሦች ላይ ባደረጉት ጥናት ከዚህ ዓይነት መርዞች ጎልቶ የወጣው ዲዲቲና ቅሪቶቹ ናቸው። በስምጥ ሸለቆው ሐይቆች ዓሣ በሚበሉ እንደ አባ ኮዳ ባሉ ወፎች ውስጥ ደግሞ ዲዲኢ ከዓሦቹ ይልቅ በብዙ እጥፍ ከብዶ ተገኘ። በውቅያኖስ የታየው ሰንሰለት እዚህ ትንሽ ሐይቅ ውስጥ ተደገመ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው በ2005 ዓ.ም. ገደማ ከጂማ የወጣው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በአሰንዳቦ፣ በሰርቦና በጂማ ከተሞች የእናቶችንና የላሞችን ወተት መረመሩ። አንድ ሕፃን በመጀመሪያው ወሩ በእናቱ ጡት በኩል የሚያገኘው ዲዲቲ በኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት በቀን 62 ማይክሮግራም ያህል ሆኖ ተሰላ። ጥናቱ ያነጻጸረበት ዓለም አቀፍ የተፈቀደ መጠን 20 ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በብዙ ሀገሮች በሚያደርጉት የእናት ጡት ወተት ምርመራም ኢትዮጵያ የዲዲቲ መጠኗ እጅግ ከፍተኛ ከሆኑት ውስጥ ተመዘገበች። ሐኪሞች ይህን ሰምተው እናቶች ማጥባት እንዲያቆሙ አይመክሩም፤ የጡት ወተት ጥቅሙ ይበልጣል። ግን እናት በማታውቀውና ባልፈቀደችው መንገድ መርዝ ለልጇ የምታሻግርበት ሀገር ዝም ማለት አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ዲዲቲን በሰው ላይ ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ተብለው ከሚገመቱ ነገሮች ተርታ መድቦታል።

በደቡብ አፍሪካ ሊምፖፖ ግዛት የተደረገው ጥናት ለከምባታ ቤት ይበልጥ ይቀርባል፤ እዚያ የሚረጨው እንደ እዚህ የገጠር ቤት ግድግዳ ነውና። ተመራማሪዎቹ ዲዲቲን በቤቱ አየር፣ በአፈሩ፣ በአትክልቱ፣ በዶሮው ስብና በነዋሪዎቹ ደም ውስጥ አገኙት። ዶሮዋ ከርጭት በኋላ ወለሉ ላይ የረገፈውን ነፍሳት ስትለቅም ያየ ሰው ይህ አይገርመውም።

የኢትዮጵያ ዲዲቲ ያበቃው በመጨረሻ በትንኟ ምክንያት ነው። በሀገሪቱ ዋና የወባ አስተላላፊ የሆነችው አኖፊለስ አረቢየንሲስ ዱቄቱን ተላመደችው፤ በብዙ ቦታዎች የተደረገው ፍተሻ ግድግዳው ቢረጭም እንደማትሞት አሳየ። በ2001 ዓ.ም. ገደማ መንግሥት ዲዲቲን በዴልታሜትሪን ተካው፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ስለተለመደ በሌሎች ተለወጠ። የአልጋ አጎበር ቤት ለቤት ታደለ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የድሮውን የወባ ማጥፊያ ሠራተኛ ቦታ ያዙ። ወባ ለዓመታት ቀነሰች። ኋላ ግን ተመለሰች፤ እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው መታመሙን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ከተማ የምትወደው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል አዲስ ትንኝም እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ከታየች ወዲህ እየተስፋፋች ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ድሮ ይሠራ የነበረውን ዱቄት የሚናፍቅ ሰው መኖሩ አይቀርም። ትንኟ ግን አትናፍቀውም፤ ለምዳዋለች።

በሆሳዕና ያለው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በዱራሜም ካምፓስ አለው። በሁለቱም ከተሞች ዙሪያ መርጫ አንግተው ከቆላ እስከ ወይና ደጋ ቤት ለቤት የዞሩ የወባ ማጥፊያ ሠራተኞች በሕይወት ያሉት እያረጁ ነው። የትኛው ቀበሌ ስንት ጊዜ እንደተረጨ፣ መጋዘኑ የት እንደነበር፣ የተረፈው ዱቄት ወዴት እንደሄደ፣ እነሱም ያለ ጓንትና ያለ ጭንብል ሠርተው ጤናቸው እንዴት እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የታሪክ ክፍሉ ቃላቸውን፣ የኬሚስትሪ ክፍሉ ደግሞ የአሮጌ ቤቶቹን አፈርና የጓሮውን እንሰት ቢይዙ ሁለቱ ሥራዎች ይገናኛሉ። እነዚህ ሰዎች የብዙ ሺህ ልጆች ነፍስ አትርፈዋል፤ ቢያንስ ጤናቸው ሊመረመርላቸው ይገባል።

በሺንሺቾ፣ በዱራሜ፣ በሆሳዕናም ሆነ በሌላ ቦታ በጓዳው ወይም በጎተራው ሥር ከዚያ ዘመን የቀረ ነጭ ዱቄት ያስቀመጠ ሰው ካለ ለእህልም ለጫትም ለሽንኩርትም አያውለው። ወንዝ ውስጥ አይድፋው፣ አይቅበረው፣ አያቃጥለው። በተዘጋ ዕቃ ከልጆችና ከከብት ርቆ እንዲቆይ አድርጎ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ።